ተራዋ ሲደርስ

የወንድሜ ልጅ ከቢላ ወደ ነቀምቴ የመጣችው በአሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ቢላ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ሲዘጋ ዓመታት አልፈው ነበር። ወንድሜ ጨለለቂ ሰፈር ካለው ቤቴ አድርሷት ሲመለስ፣ «አንቺ አስተማሪ ነሽ፤ ካንቺ ጋር ከሆነች አትጠፋም» አለኝ። ሰባተኛን ማለፏን የሚገልጽ ወረቀት ይዛ ስለነበር መስከረም ላይ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል አስገባኋት።

የእኔ ልጅ ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ማታ ከመተኛቷ በፊት የድሮ የልጆች መጻሕፍት አነብላት ነበር፤ እኔ በልጅነቴ ያነበብኳቸውን፣ ገጻቸው ቢጫ የሆነውን። ጎረቤቴ «እነዚህ እኮ ለባል ደርሰዋል» እያለች ትስቅብኛለች። እኔ ግን አላቆምኩም። ሁለቱ አንድ አልጋ ላይ ይጋደማሉ፣ እኔ እግርጌ እቀመጣለሁ። አማርኛው ሲከብዳት ለወንድሜ ልጅ ቆም ብዬ በኦሮምኛ እነግራታለሁ። እንደሷ የሚያዳምጥ ሰው አይቼ አላውቅም። በማግስቱ ሽንኩርት እየላጠች እንኳ ታሪኩ አይለቃትም።

«አዳዳ፣ ያቺ ልጅ ግን ለምን እውነቱን አልነገረቻቸውም?» ትለኛለች። አዳዳ የአባት እህት ማለት ነው።

«ፈርታ ነዋ» እላታለሁ።

መጋቢት ላይ ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ተዘጋ። «ዛሬ እናንተ በተራ አንብቡልኝ» አልኳቸው። ልጄ ሁለት ገጽ አንብባ መጽሐፉን አቀበለቻት። የወንድሜ ልጅ መልሳ ዘጋችውና «የአማርኛ ፊደል አላውቅም» አለች።

እውነቷን ነው አልኩ በሆዴ፤ የተማረችው በኦሮምኛ ነው። በማግስቱ ከትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ የተጻፈ የልጆች ተረት ተውሼ መጣሁና ማታ ሰጠኋት። የመጀመሪያውን ቃል በጣቷ እየተከተለች ፊደል በፊደል ጠራችው። ሁለተኛው ላይ ቆመች። ግንባሯ ላይ ላብ አየሁ።

«ሂን ደንደኡ» አለች። አልችልም ማለቷ ነው።

ልጄ ሳቀች። የምትቀልድ መስሏት እንጂ ለክፋት አልነበረም። ዝም በይ እስክላት ግን ሳቁ አልቆ ነበር።

ስድስት ወር ሙሉ አንድ ጣሪያ ሥር ነበርን። ጠዋት አብረን እንወጣለን፣ ማታ ከእግሯ ሥር ተቀምጬ አነባለሁ። ለካ ፈተናውን ክፍል ውስጥ አጠገቧ ከምትቀመጠው ልጅ እየገለበጠች ታልፍ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት ብቻዋን ሳገኛት።

«አዳዳ አስተማሪ ነሽ። የምታውቂ መስሎኝ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ከፊደል ጀምሬ ላስተምራት ሞከርኩ። ሦስት ቀን አብራኝ ተቀመጠች። በአራተኛው ቀን ራሴን አመመኝ አለች። ማታ መጽሐፉን ስገልጥ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ አንብቤ እስክጨርስም ፊቷን አላየሁትም። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ወሬው ክፍሏ ደርሶ ነበር። ልጄን ጠየቅኋት፤ አለቀሰች እንጂ አልመለሰችልኝም።

ለፋሲካ ወንድሜ መጥቶ ጓዟን ጠቅልሎ ወሰዳት። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

በዓመቱ ለአንድ የሲሬ ነጋዴ ልትዳር መሆኑን ሰማሁና ለወንድሜ ደወልኩለት።

«ገና ልጅ ናት፤ ትንሽ ትቆይ» አልኩት።

«ቆይታ ምን ትሆናለች?» አለኝ።

የሠርጉን ቀን ጠይቄው ስልኩን ዘጋሁ። ሠርጉ ላይ አቀርቅራ ጉልበቴን ሳመችኝ።

ልጄም ማታ ንባብ መስማት ትታለች። ስልኳን ይዛ ትተኛለች፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ላንብብልሽ ብያት አላውቅም።

ከሠርጉ በኋላ በነበረው ሰኞ ሰባተኛ ክፍል ገብቼ ተማሪዎቼን አንድ በአንድ እያስነሣሁ ማስነበብ ጀመርኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ የማነበው እኔ፣ የሚደግሙት እነሱ ነበሩ። የመጀመሪያው ዴስክ ላይ አንዷ አነበበች፣ ሌላዋ ማንበብ አቅቷት ቆመች። ሁለተኛው ላይ ሦስቱም እንደሷ ቆሙ። ሦስተኛው ጋ ስደርስ ልቀጥል አልቻልኩም።

«በቃ፣ ሁላችሁም በልባችሁ አንብቡ» አልኳቸው።

ሁሉም አቀረቀሩ። ማን እንደሚያነብ፣ ማን እንደሚያስመስል አላየሁም። ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ደወሉ እስኪደወል ቆምኩ።