ህንዱን የማስመስለው እኔ ነበርኩ

በፈረንጅ አቆጣጠር 1994 ነበር፤ እኔ አርባ ስድስት ዓመቴ። ለንደን ከገባሁ ስድስት ዓመት አልፎኛል። የማወራችሁ ግን የልጅነት ነገር ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ዓመት ያዋረደኝ ጉዳይ የተጀመረው የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ናዝሬት፣ ሻይ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ሳጥብ ነው። እኔ ብዙ አልተማርኩም። ይህንንም የምጽፈው ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ስለሆነ ስህተት ካገኛችሁ እለፉት፤ ነገሩን ግን አትለፉት።

ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ ነው ወይዘሮ አስካለ ሻይ ቤት የገባሁት። ቤቱ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ነበር። ቅርንፉድ የበዛበት ሻይና በዘይት የሚጠበስ ቦምቦሊኖ ሽታ እስከ አስፋልቱ ድረስ ይሄዳል። ተማሪው በእረፍት ሰዓት ግር ብሎ ይገባል። የእኔ ዘመን ሰዎች ታስታውሳላችሁ፤ ያን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለ ህንድ አስተማሪ አይሆንም። የእኛ ከተማው የሂሳብ መምህር ቀጭን፣ ሱሪውን እስከ ሆዱ ከፍ አድርጎ የሚታጠቅ፣ በደረት ኪሱ አራት እስክሪብቶ የሚደረድር ሰው ነበር። የሚቀባው የፀጉር ዘይት ሽታ ከእሱ ቀድሞ ይደርሳል።

ተማሪዎቹ ስለ እሱ ሲያወሩ እየሰማሁ፣ መንገድ ላይም ሲሄድ እያየሁ ያዝኩት። አንድ ቀን የሻይ ትሪውን እንደ መጽሐፍ ብብቴ ስር ከትቼ፣ አንገቴን ግራ ቀኝ እያወዛወዝኩ፣ በአፍንጫዬ እየተናገርኩ በወንበሮቹ መሀል አለፍኩ። ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ! ከዚያ ወዲያ ማን ይለቀኛል። ገና ሲገቡ፣ «አንተ ዘውዴ፣ መምህሩን አምጣው!» ይላሉ። እኔም አመጣዋለሁ። ትምህርት ቤቱ ያላስገባኝን ክፍል በእሱ አንገት ገባሁበት። ተማሪ ያልሆንኩት ልጅ በተማሪ ሁሉ ታወቅኩ፤ ወይዘሮ አስካለም ገበያ ስላመጣሁላቸው ትኩስ ቦምቦሊኖ ያስቀሩልኝ ጀመር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ፊልም ቤት ነበር። የህንድ ፊልም ዘፈኑን አንድ ቃል ሳይገባን በቃላችን እንይዘዋለን። በአሜሪካ ፊልም ደግሞ ቻይና ከመጣ ቀጭን ፂም አለው፣ ከበር ኋላ ቢላዋ ይዞ ነው የሚቆመው። እኛም ዓይናችንን በጣታችን ወደ ጎን እየሳብን እየጮህን ወደ ቤታችን እንሮጣለን። ቻይና የሚባል ሰው አይተን አናውቅም። አልዋሽም፣ ከብዙ ዓመት በኋላ እዚህ ለንደን፣ ስቶክዌል፣ አንዲት የቬትናም ሴትዮ ሱቅ ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው ወደ እጇ ነው። የያዘችው ሽንኩርት ነበር።

መምህሩ አንድ ጊዜ ብቻ ሻይ ቤታችን መጥቷል። እኔ አንገቴን እያወዛወዝኩ መሀል ላይ ነበርኩ። ቀጥ አልኩ። ጥግ ላይ ተቀመጠና ሻይ አዘዘ፤ ወሰድኩለት። «ጥሩ ሻይ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለኝ፤ በደህና አማርኛ። እኔ የማስመስለው ሰውዬ እኮ አማርኛ የሚሰባብር ነው! እንዲህ ጥርት አድርጎ መናገሩ አናደደኝ እንጂ አላሳፈረኝም። በማግስቱ አማርኛውን እንደ ወትሮዬ ሰባብሬ አቀረብኩት። ጥምጥምም የጨመርኩበት ያን ሰሞን ነው፤ በፊልም አይቼ። መምህሩ አንድ ቀን እንኳ ጠምጥሞ አያውቅም።

እንግዲህ ይህን ሰውዬ ይዤ ነው ባሕር የተሻገርኩት። ለንደን ውስጥ የእኛ ሰው ሰርግም ይሁን ዓመት በዓል በተሰበሰበ ቁጥር፣ «ዘውዴ፣ ህንዱን!» ይባላል። እኔም አላስለምንም። ቤት ገብቼ ቴሌቪዥን ስከፍት እንግሊዞቹም የራሳቸው አላቸው፤ ባለሱቅ ህንድ እጁን እያሻሸ፣ እየሰገደ፣ ቋንቋውን እየጎተተ። «የኔ ይበልጣል» እል ነበር። ልጄ ሰላም አስራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ኬኒንግተን ነው የምትማረው። አንድ ማታ አብራኝ ተቀምጣ፣

«አባዬ፣ ኢትስ ኖት ፈኒ፤ አያስቅም» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ይሄ። በእኛም ያደርጉታል እኮ። በምሳ ሰዓት ሳህናቸውን ወደ እኔ ገፍተው፣ ‹አንቺ ብዪ፣ ኢትዮጵያዊ ነሽ፣ ርቦሻል› ይሉኛል። ሁሉም ይስቃል።»

«እነሱ ባለጌዎች ናቸው። የኔ ጨዋታ ነው፤ ማንንም አልነካ» አልኳት። ግትር ነኝ፤ ይህን የማያውቅ የለም። እሷም ተነስታ ክፍሏ ገባች።

አሁን ስለ ራመሽ ልንገራችሁ። ኤድመንተን አንድ ዌርሃውስ፣ የእቃ መጋዘን ውስጥ አብረን ነበር የምንሠራው። ህንድ ነው፤ ግን ካምፓላ ተወልዶ ያደገና ህንዶቹ ከዚያ ሲባረሩ አብሮ የተባረረ። «እኔም አንተም አፍሪካዊ ነን» ይለኝ ነበር። እንግሊዝኛ በጆሮዬ ለመድኩ እንጂ ማንበብ አልችልም፤ ይህንን ደብቄ ነው ሥራ የገባሁት። ራመሽ በሁለተኛው ቀን ነቃብኝ።  ከዚያን ቀን ጀምሮ እቃው ሲገባ ቀድሞኝ ያልፍና በየሳጥኑ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል፤ ክብ ከሆነ በግራ መደርደሪያ፣ መስቀል ከሆነ በቀኝ። አራት ዓመት ሙሉ! አለቃው አያውቅም፣ ማንም አያውቅም። የእንጀራ ገመዴ በዚያ ሰው ጠመኔ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር የኖረው።

በነሐሴ ሻይ ስንጠጣ ዘመን መለወጫችን እንደደረሰ ነገርኩትና፣ «ና እንጂ፣ ሚስትህንም ይዘህ ና፣ አብረን እንበላለን» አልኩት። እንደምታውቁት እኛ እንዲህ ያለውን ለወጉ ያህል ነው የምንለው። ተጠሪውም ለወጉ፣ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይቀራል። ራመሽ ወግ አያውቅም። ቀኑንና አዳራሹን ጠይቆ ጻፈው። እኔም ወዲያው ረሳሁት።

በዓሉ የተከበረው እሁድ ከሰዓት፣ ስቶክዌል፣ በተከራየነው አዳራሽ ነው። ሁለት መቶ ሰው ሳይሞላ አይቀርም። «ህንዱን! ህንዱን!» ተባለ። ነጠላ ጠመጠምኩ፣ በከሰል ፂም ሳልኩ፣ ትሪ በብብቴ ከተትኩ፣ ወጣሁ። አንገቴን ገና ሁለቴ ሳወዛውዝ ሴቶቹ ሆዳቸውን ያዙ። መሀሉ ላይ ስደርስ በሩ ጋ ራመሽን አየሁት። ኮትና ከረባት አድርጓል። አጠገቡ ሚስቱ፣ አረንጓዴ ሐር ሳሪ ለብሳ፣ የጣፋጭ ሳጥን በሁለት እጇ ይዛለች። ሰላም ወንበር እየፈለገችላቸው ነው።

አቆምክ ወይ ብትሉኝ፣ አላቆምኩም። እውነቱን ነው የምነግራችሁ። ሰው እየሳቀ ነበር፣ ማቆም አቃተኝ፤ እንዲያውም ድምፄን ጨመርኩ። በልቤ፣ «አማርኛ ነው፣ ምን ይገባዋል» አልኩ። አንገት ማወዛወዝ አማርኛ ነው እንዴ? ይህን ጊዜ ከፊት የተቀመጠ አንዱ ዞር ብሎ አያቸውና፣ «ኧረ ዋናው መጣ!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሙሉ ወንበሩን እያንጓጓ ዞረ። ሁለት መቶ ሰው ራመሽንና ሚስቱን እያየ ሳቀ። ራመሽ ፈገግ አለ፤ ሰው ዶክተር ዘንድ ሲቀመጥ ፈገግ እንደሚለው። እሷ ወለሉን አየች። ሳጥኑን ወንበር ላይ አስቀመጠችና ምግቡ ሳይቀርብ ወጡ።

ቤት ስንገባ ሰላም ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ፂሜን ታጥቤ ስመለስ እንደ ቆመች ናት።

«ወንበር ስፈልግላቸው ሚስትየው በጆሮዬ ጠየቀችኝ» አለች።

«ምን ብላ?»

«‹አባትሽ የትኛው ነው?› ብላ።»

«እና ምን አልሽ?»

«ዝም አልኩ።»

 ኮቴን ለብሼ በዚያው ጋሽ ተሰማ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ተሰማ የሰፈራችን አስታራቂ ናቸው፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ሸሪክ ከሸሪክ ሲካሰስ እሳቸው ናቸው የሚጠሩት። ሽማግሌ ሆነው እንዲሄዱልኝ ለመንኳቸው።

«ለህንድ ሽማግሌ?» አሉ። «ሰምቼም አላውቅ።»

«ሰው ነው፣ ጋሼ። በድየዋለሁ።»

«ይሁን። ቋንቋውን ማን ያወራልናል?»

«እኔ።»

«በዳዩ ራሱ አስተርጓሚ? ምን ያለው ጉድ ነው!»

«ልጄን ይዤ አልሄድም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሌላ ሰው የለም» አልኩ። ለሥራዬ ፈርቼም ነበር፤ አልክድም። ግን ለሥራዬ ብቻ ቢሆን ኖሮ እቃ ክፍል ጥግ ይዤው፣ ‹ሶሪ› ብዬ እገላገል ነበር። በአደባባይ የተዋረደን ሰው በጓዳ ይቅርታ አይጠይቁትም፤ እኔ ያደግኩት እንዲህ ነው።

ዛሬ ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ጥምጥሙን ከዚያ ወዲህ በራሴ ላይ አላደረግኩም። የድሮ ሰዎች ሲገናኙ አሁንም፣ «ዘውዴ ተለወጠ፣ ጨዋታው ጠፋ» ይሉኛል። ይበሉ። የዚያን ሻይ ቤት ሳቅ እወደዋለሁ፤ የቅርንፉዱ ሽታ ዛሬም ሲመጣብኝ አፌ ምራቅ ይሞላል። ክፉ ልጆች አልነበርንም። ግን ለጥሩ ሻይ ያመሰገነኝን ሰው ስም እስከ ዛሬ አለማወቄ ይቆጨኛል፤ አንገቱን ሠላሳ ዓመት ይዤ ስዞር ስሙን አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ያኔ ሰውን በፊልም ነበር የምናውቀው። አሁን የልጅ ልጆቼ ከሁሉም ዘር ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያድጋሉ፣ ሁሉንም በስሙ ይጠራሉ፤ በዚህ ይበልጡናል፣ ምን አባቴ ልበል። ራመሽም ጡረታ ወጥቷል። ለዘመን መለወጫ ከዘመዶቼ ሁሉ ቀድሞ የሚደውለው እሱ ነው። ሚስቱም ስልኩን ትቀማውና ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ምራቷ፣ ስለ ቲማቲም ዋጋ ሳታቋርጥ ታወራኛለች።

በበዓሉ ማግስት ጠዋት ግን ይህ ሁሉ ገና አልታወቀም። የዚያ ሳምንት የሥራ ፈረቃችን ከሰዓት ስለነበር ራመሽ ቤቱ እንደሚሆን አውቃለሁ። ጋሽ ተሰማና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ስቶክዌል ባቡር ጣቢያ አገኙኝ። ሥራ የሚሄደው ሰው ሁሉ ያየናል። ከባቡር ወርደን አውቶቡስ ይዘን ኤድመንተን ራመሽ ቤት ደረስንና በሩን አንኳኳሁ። ራመሽ በፒጃማ ከፈተ። ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎችና እኔን ሲያይ ደነገጠ።

«ማን ሞተ?» አለ።

«ማንም አልሞተም» አልኩት።

ጋሽ ተሰማ በትራቸውን ተደግፈው በወጉ ጀመሩ። «ልጃችን አጥፍቷል» አሉ፤ ልጃችን ያሉት እኔን ነው። «እርስዎን የሚያህል ሰው፣ ከነባለቤትዎ፣ ጠርቶ በአደባባይ መሳቂያ አድርጎዎታል። ነውረኛ ነው። ስለ እግዚአብሔር ብለው ይቅር ይበሉት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «በል ንገረው» አሉ። እኔም በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ፣ በአፍንጫዬ ሳይሆን በራሴ አፍ፣ «እኔ ነውረኛ ሰው ነኝ» ብዬ ጀመርኩ። ቃል ሲጠፋኝ ራመሽ እየጠበቀኝ ጨረስኩ።

ራመሽ ዞር ብሎ ወደ ውስጥ አየ። ከኋላው ደረጃው ላይ ሚስቱ ቆማለች።

«ለሽማግሌዎቹ ንገራቸው» አለኝ። «እኔ ለምጄዋለሁ፤ ቴሌቪዥን በከፈትኩ ቁጥር አየዋለሁ። እሷ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ፊት አፏን ከፍታ አታወራም፤ ይስቁብኛል ትላለች። ትናንት የመጣችው እኔ፣ ‹እነዚህ እንደኛው ናቸው፣ እዚያ ማንም አይስቅብሽም› ብያት ነው። ስንመለስ አውቶቡስ ላይ፣ ‹እኔ ስናገር እንደዚያ ነኝ?› ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ንገራቸው።»

«ምን አለ?» አሉኝ ጋሽ ተሰማ።

ከሦስቱ አንዱም እንግሊዝኛ አይሰማም። «ይቅር ብያለሁ አለ» ብላቸው ደስ ብሏቸው መርቀውኝ ይመለሱ ነበር። ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ፣ ራመሽ ያለውን አንዲት ቃል ሳላስቀር ነገርኳቸው።