አውራ ጣት ያረፈበት ሰደፍ

ቬልማ በኦሃዮው የቅዳሜ ጠመንጃ ገበያ የፖም ኬክ ስትሸጥ፣ አዛውንቱን ያየቻቸው ከጎኗ ባለው የጠመንጃ ነጋዴው የክላይድ ጠረጴዛ ፊት ቆመው ነው። ኮታቸው ተተኩሷል፤ አንዱ ቁልፍ ግን በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል። ይዘውት የመጡትን አሮጌ የወታደር ጠመንጃ ከአበባማ አንሶላ ሲፈቱትም ሲያሳዩትም፣ ቀኝ አውራ ጣታቸው ከሰደፉ ላይ አልተነሳም።

«ስንጥቅ ደብቀዋል» አለች ቬልማ በልቧ። እዚህ ገበያ እንዲህ አድርጎ የሚይዝ ሁሉ ስንጥቅ ይደብቃል።

«እንጨቱን ቫርኒሽ ቀብተውታል እኮ ጋሼ» አለ ክላይድ። «ኢንተርኔት ላይ በዚህ ነገር ሰው እየተበላላ ነው። ግማሹ የታደሰ ይሻላል ይላል፤ ግማሹ የታደሰ ዋጋ የለውም ይላል። እኔን ከጠየቁኝ ቀቢው መገረፍ ነበረበት።»

«ልጄ ነው የቀባው።»

«እስቲ ጣትዎን ያንሱልኝ።»

አነሱት። ስንጥቅ አልነበረም፤ ከእሳቸው ጣት የቀጠነ የአውራ ጣት አሻራ ቫርኒሹ ውስጥ ደርቆ ቀርቷል።

«አልደረቀም ስለው፣ ‹ደርቋል አባዬ› ብሎ አነሳው» አሉ።

ክላይድ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከእርስዎ የሚገዛው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይህን ቫርኒሽ መፋቅ ነው።»

«እናቱ ደግሞ እሱ ከሞተ ወዲህ ‹ይህ ነገር ቤቴ አይደር› ብላለች።»

ጠቅልለውት ወጡ። ቬልማ በመስኮት በዓይኗ ተከተለቻቸው። መኪናቸው ውስጥ ገብተው፣ ጠመንጃውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ አውራ ጣታቸውን በአንሶላው ላይ አሳርፈው፣ ሞተሩን ሳያስነሱ ተቀመጡ። ገበያው ተበትኖ እሷ ጠረጴዛዋን ስታጥፍም እዚያው ነበሩ።