መርዶ በስልክ አይነገርም

ሁለት ስልክ ድምፅ ማጉያቸው ተከፍቶ ሲቀራረቡ ሲጥ የሚል ጆሮ የሚበሳ ድምፅ ያወጣሉ። ሰሞኑን ሪያድ ውስጥ፣ ራውዳ ሰፈር በምሠራበት ሱቅ ሁለት ደንበኞች ጎን ለጎን ቆመው ሲያወሩ ያ ድምፅ ድንገት ሲጮህ፣ ሰው ሁሉ ፊቱን ሲያጨማድድ፣ እኔ ግን ዕቃውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ፤ ፉጣ ሰፈር ያለችው አንድ ክፍል ቤታችንና ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ «ዝም በሉ! ማንም እንዳይተነፍስ!» የምትለው እናቴ ዘይነባ ተያይዘው መጡብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ የደሴ ልጅ ናት። አያቴ ደሴ ነበረች፤ የእናቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ሰዓዳ፣ ደግሞ መንገዱ ክፍት በነበረበት ዘመን አሰብ ተድራ እዚያው ቀርታ ነበር። ከዚያ ኢትዮጵያና ኤርትራ «ወረራችሁን»፣ «እናንተ ናችሁ የወረራችሁን» ተባብለው ተዋጉ፤ ጦርነቱ ቢቆምም መንገዱም ስልኩም እንደተዘጋ ቀረ። ከደሴ አሰብ መደወል አይቻልም፣ ከሪያድ ግን ለሁለቱም ይደወላል። ስለዚህ እናቴ በአንዱ ስልክ አያቴን፣ በሌላው አክስቴን ደውላ፣ አንዱን ዘቅዝቃ የዚህን ጆሮ ከዚያኛው አፍ ገጥማ፣ በእኔ የፀጉር ላስቲክ ታስራቸውና እናትና ልጅ በእኛ ምንጣፍ ላይ ይገናኙ ነበር። እኔም ፀጉሬ እንደተበተነ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር።

በሙቀቱ ወራት ማቀዝቀዣው እያጓራ ስለሚያስቸግር እናቴ ታጠፋውና ሁላችንም በላብ እንጠመቅ ነበር። አያቴ ስትናገር ትጮሃለች። «እማ፣ ቀስ በይ እንጂ፣ ስልኩ ይሰማል» ስትላት፣ «ስልኩ ቢሰማ ባይሰማ ምን ገዶኝ፣ የምጮኸው ለሰዓዳ ነው!» ትል ነበር። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ከማፍጠሪያ በፊት ይደወላል፤ ይህን ሁሉ መከራ አይተው የሚያወሩትም «ሾርባው ወፈረ ወይስ ቀጠነ?» ነበር። እናቴ በሳቅ ትሞታለች፣ ስልኮቹን ግን አትለቅም።

ከሕንፃችን ሥር ዳቦና ወተት የሚሸጥበት ባቃላ ነበር፤ ሻጩ ኢድሪስ ይባላል፣ የአሰብ ሰው ነው። አባቴ ሰይድና ኢድሪስ ወንደላጤ ሳሉ አንድ ክፍል ተጋርተው፣ ከአንድ ትሪ እየበሉ ይኖሩ ነበር አሉ። ጦርነቱ ሲነሳ «ማን ማንን ወረረ» በሚል ተጨቃጭቀው እንደተኳረፉ ቀሩ፤ ጸቡ በዕድሜ ታላቄ ነበር። አባቴን ብወደውም ግትር ሰው መሆኑን ማን ይክዳል? ለአንዲት ዳቦ ብሎ፣ በዚያ እሳት፣ የኢድሪስን በር አልፎ ሁለት ሰፈር ተሻግሮ ይገዛ ነበር። ኢድሪስ እኔን ባየ ቁጥር «አንቺ የሰይድ ልጅ፣ አባትሽ ደህና ነው?» ይለኛል፤ እኔም «ደህና ነው» ብዬ ወደ ላይ እሮጥ ነበር።

አያቴ የሞተችው በብርዱ ወራት ነው። ለእናቴ በወጉ ነው የተነገራት፤ ከደሴ አጎቶቼ ለአባቴ ደውለው፣ እሱም ሺፋ ሰፈር በሰው ቤት የሚሠሩ የአገሯን ልጆች ለምኖ፣ በጁምዓ ንጋት፣ ከፈጅር ሶላት በኋላ ሴቶቹ ቤታችንን ሞሉት። እናቴ ሲገቡ አይታ፣ አንዳቸውም አፋቸውን ሳይከፍቱ ነው የጮኸችው፤ ይዘዋት፣ አቅፈዋት፣ አብረዋት አለቀሱ።

አሰብ ላለችው አክስቴስ ማን ይንገራት? መርዶ በስልክ አይነገርም። ባሏ ሞቶባት ከትንንሽ ልጆቿ ጋር ብቻዋን የምትኖር ሴት ስልክ ይዛ ብትወድቅ ማን ይደግፋታል? እኛ የምናውቀው ደግሞ የእሷን ቁጥር ብቻ ነው። የኢድሪስ ወንድም አሰብ እንደሚኖር ግን ፉጣ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

«ሰይድ፣ በአላህ፣ ውረድና ኢድሪስን ለምንልኝ፤ ወንድሙ ሽማግሌ ይዞ ይንገርልኝ» አለችው እናቴ።

«እኔ? ኢድሪስን? ሞቼ ነው ቆሜ!»

«እንግዲያው እኔው እወርዳለሁ።»

«ከወረድሽ እኔና አንቺ ኸላስ፣ አበቃልን!»

አልወረደችም።

የአቧራው ወራት መጥቶ ሪያድ ቢጫ ስትለብስ፣ እናቴ በአንድ ስልክ ብቻ እየደወለች መዋሸት ጀመረች። አያቴ ለዘመድ ሰርግ ሐይቅ ሄዳለች፣ አያቴ ተኝታለች፣ የደሴ መስመር ተበላሽቷል። አክስቴ መጀመሪያ ታምናለች፤ በኋላ ግን ድምጿ እየሰለለ ሄደና አንድ ቀን «ዘይነብዬ፣ እማ አታውራኝ ግዴለም፣ ስትስል ብቻ አሰሚኝ» አለቻት። እናቴ ስልኩን ዘግታ ራሷን በሻርፗ ሸፍና ተቀመጠች። አባቴ ያን ቀን እራቱን ሳይነካ ተኛ፤ በልጅ ልቤ ግን አሁንስ ይወርዳል ብዬ ብጠብቅ አልወረደም።

ሙቀቱ ሲመለስ ሁለቱ መንግሥታት ታረቁ። ከሕንፃችን ከየክፍሉ እልልታ ተሰማ፣ ቴሌቪዥኑ የሚተቃቀፉ ሰዎችን ሲያሳይ ዋለ፣ ስልኩም ሊከፈት ነው ተባለ። አክስቴ ወዲያው ደወለች። «ዘይነባ! ኸላስ፣ ከእንግዲህ አንቺን ማስቸገር ቀረ! መስመሩ እንደተከፈተ ራሴ ለእማ እደውልላታለሁ!» እያለች እንደ ልጅ ትስቅ ነበር። የአያቴን ስልክ ማን ሊያነሳላት ነው? እናቴ ስልኩን አስቀምጣ አባቴ ፊት ቆመች።

«መንግሥት ከመንግሥት ታርቆ፣ አንተ ከባቃላ ጋር ልትጣላ ነው?»

አባቴ ተነሳ። ጫማውን አድርጎ ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት። ባቃላው ገብቶ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ፣ ሳይጠማው አንድ ውሃ አንስቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ኢድሪስ ውሃውንም አየ፣ አባቴንም አየ።

«ሰይድ፣ ውሃ ልትገዛ አልመጣህም። ማን ሞተብህ?»

አባቴ ለውሃው ሊከፍል ኪሱን ዳበሰ። እኔ ነኝ «አያቴ፤ አሰብ ያለችው አክስቴ ግን አልሰማችም» ያልኩት።

«መቼ?»

«በብርዱ» አለ አባቴ።

ኢድሪስ ባንኮኒውን ዞሮ መጣና ትከሻውን ያዘው። «በብርዱ! አይ ሰይድ! እኔ እኮ እዚሁ ነኝ። አንድ ቃል ብትልክልኝ፣ በዚህች ልጅ እንኳ ብትልክ፣ ወንድሜ በማግስቱ ይሄድልህ አልነበረም?» አለና እሱም ዓይኑ ሞላ። ተቃቅፈው ቆሙ። የቴሌቪዥኑን መተቃቀፍ ሳየው የሌላ ሰው ነገር ነበር የመሰለኝ፤ የእነሱን ሳይ ግን አለቀስኩ።

በሁለተኛው ቀን ንጋት የኢድሪስ ወንድም ከጎረቤት ሴቶችና ከሽማግሌዎች ጋር የአክስቴን በር አንኳኳ። ረፋዱ ላይ የእናቴ ስልክ ጮኸ። «ዘይነባ፣ የእማን ድምፅ ስለምንሽ እንዴት ቻልሽው?» አለች አክስቴ፤ ከዚያ ወዲያ ወቀሳ አልነበረም። «ደሴን አገናኚኝ፤ ከወንድሞቼ ጋር ላልቅስ» አለች።

መስመሩ ገና ስላልተከፈተ እናቴ ሁለቱን ስልኮች አወጣች፤ ግን አንዱን መዘቅዘቅ እየረሳች መግጠም አቃታት። ያኔ፣ እኔ ከተወለድኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን የገባው ኢድሪስ፣ ምንጣፉ ላይ በርከክ ብሎ ላስቲኩን ከፀጉሬ ፈትቶ፣ ስልኮቹን አፍ ለጆሮ ገጥሞ፣ ደሴና አሰብ ተላቅሰው እስኪወጣላቸው ድረስ በሁለት እጁ ይዟቸው ቆየ። አባቴ አጠገቡ ተቀምጦ ዱዓ ያደርግ ነበር።

አሁን እናቴና አክስቴ በቪዲዮ እየተያዩ በሾርባ ይጨቃጨቃሉ። ሰሞኑን ደግሞ ሁለቱ መንግሥታት እንደገና ተኮራርፈዋል የሚል ወሬ አለ፤ ስልኩም ተመልሶ ይዘጋ እንደሆነ አላህ ይወቅ። ያኔ ስልኩን የዘጋብን መንግሥት ነበር፤ ከቤታችን እስከ ባቃላው ያለውን ደረጃ ግን የዘጋነው እኛው ነን፣ ያንን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። አባቴ አሁን በየጠዋቱ፣ ቴሌቪዥኑን ሳይከፍት፣ መጀመሪያ ወርዶ ከኢድሪስ ዳቦ ይገዛል። ትናንት ወሬው ጠንከር ብሎ ነበርና ሲመለስ ጠብቄ «ኢድሪስ ምን አለ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ምን ይላል፣ ስለ ጉልበቱ ሲያማርርልኝ ነበር» አለና ዳቦውን አስቀመጠ፤ ቀጥሎም «ድንገት መስመሩ ቢዘጋ፣ ለወንድሙ ይሁን ብዬ የሰዓዳን ቁጥር ሰጥቼው መጣሁ» አለኝ።