አይላ ያለፈችው ፌርማታ

አይላ ኩዩላ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ስትነዳ አንድም ቀን ተሳፋሪ ጠብቃ አታውቅም። ሰው እጁን እያወናጨፈ ሲሮጥ በመስታወቷ ታየዋለች፤ ሰዓቱ ከደረሰ ግን በሩን ዘግታ ትሄዳለች። ክፋት አልነበረም። አንዱን ስጠብቅ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ በዚያ ብርድ የቆሙት ሰባት ሰዎች ምን በደሉ ባይ ናት። በኦውሉ ከተማ የአሥራ አምስት ቁጥር መስመር ሰዎች ሰዓታቸውን በእሷ ያስተካክሉ ነበር። ይወዷት ነበር ማለት ግን ውሸት ይሆናል።

ጡረታ በወጣች በአራተኛው ወር መጽሐፍ ልትመልስ ቤተ መጻሕፍት ሄዳ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ ወረቀት አየች። ካንሰር የያዛቸውን ልጆች ከነቤተሰባቸው የሚያስጠጋ ማኅበር በጎ ፈቃደኛ ይፈልጋል ይላል። አይላ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሥራ አልነበራትም፤ ተመዘገበች። ነገሩ ይኸው ነው። ሰው ግን ይህን አይቀበልም። እንዲህ ያለ ቤት የምታገለግል ሴት ልጅ የሞተባት መሆን አለባት ብሎ ያምንና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንቺም ደርሶብሽ ነው?» ይላታል። «አልደረሰብኝም፤ ልጅም የለኝ። ማክሰኞና ሐሙስ ሥራ ፈት ስለሆንኩ ነው» ስትለው ቅር ይለዋል፤ የተታለለ ይመስለዋል መሰለኝ።

ቤቱ ልጆቹ ከሚታከሙበት ሆስፒታል በእግር አምስት ደቂቃ የማይሞላ ቢጫ የእንጨት ቤት ነው። ስምንት መኝታ ክፍል፣ አንድ ረጅም ኮሪደር፣ ሁሉም የሚያበስልበት አንድ ማዕድ ቤት፣ ምድር ቤት ደግሞ ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያ፣ አለው። ከሰሜን አራት አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ልጃቸውን ይዘው የሚመጡ ሰዎች እዚያ ያርፋሉ። ደሞዝተኞቹ ሦስት ብቻ ናቸው፤ የቀረነው አርባዎቻችን በጎ ፈቃደኞች ነን። አንዷ ሄል ያለበት ዳቦ ሳትጋግር ከዋለች የምትታመም ይመስላታል። አንዱ የቀድሞ የደን ጠባቂ በረዶ ይዝቃል፤ በረዶ በሌለ ጊዜም አካፋውን ይዞ ይንጎራደዳል። አይላ አንሶላ ትቀይራለች። እሷ ያነጠፈችው አልጋ ላይ መተኛት ያሳሳል።

የቤቱ ኃላፊ ፒያ ትባላለች፤ ገና አርባ ያልሞላት፣ ስልኳን ሁልጊዜ የሆነ ቦታ ረስታ የምትፈልግ ሴት ናት። ማዕድ ቤቱ በር ጀርባ የተለጠፉትን ስድስት ደንቦች የጻፈችው እሷ ናት። አንደኛው ወላጆች ፊት አናለቅስም ይላል፤ ከሥሩ አንዱ ቀልደኛ በእርሳስ «ለማልቀስ ካልሆነ ሳውናው ለምን ተሠራ» ብሎ ጨምሮበታል። አራተኛው እንዲህ ይላል፦ «ከቤቱ ውጭ ቤተሰቦቹን አናውቃቸውም። ቀድመው ሰላም ካላሉን ሰላም አንላቸውም።» ይህ ደንብ የመጣው በአንድ ደግ ሰው ምክንያት ነው። ሰውየው ከእኛው ነበር፤ ሚስማር ሊገዛ ሄዶ ወረፋ ላይ አንዱን አባት አገኘና «የልጅህ ደም ተስተካከለ ወይ?» ብሎ ጠየቀው። ከአባትየው ኋላ የቆመው አለቃው ነበር፤ አባትየው ደግሞ ለመሥሪያ ቤቱ ምንም አልተናገረም። ከዚያ በኋላ አባትየው ወደ ቤታችን አልተመለሰም፤ ሳምንት ሙሉ መኪናው ውስጥ ሲያድር ነበር አሉ።

አይላ ደንቦቹን ወደደቻቸው። ከሁላችን ቀድማ በቃሏ የያዘችው እሷ ናት፤ ስንሳሳትም በቁጥር ትጠራልናለች።

ሂልያ ከሰሜን ጫፍ፣ ከኢናሪ፣ ስትመጣ አራት ዓመት ተኩሏ ነበር። የደም ካንሰር ነው። ከእናቷ ከማሪት ጋር ሁለት ዓመት ተኩል ተመላለሰች። ፀጉሯ አልቆ፣ ዓይኗ ብቻ ቀርቶ፣ ሰው ሁሉ ማር በተቀባ ድምፅ ያናግራት ነበር። ያለችው ሁሉ ይደረግላታል፤ በካርታ ጨዋታ እንኳን ተሸንፋ አታውቅም። አንድ ማክሰኞ አይላ አንሶላ ተሸክማ ስታልፍ ሂልያ ኮሪደሩ ላይ መንገድ ዘጋችባት።

«አንቺ ሥራሽ ምን ነበር?»

«አውቶቡስ እነዳ ነበር።»

«እዚህ ንጂ እስቲ።»

«እዚህ መስመር የለም።»

«አውጪለታ።»

አይላ አንሶላውን አስቀምጣ አሰበችበት። ከዚያ አምስት ወንበር በተርታ ደረደረች። የማርማላታ ጠርሙስ ቀይ ክዳን ግድግዳው ላይ ለጠፈች፤ የመውረጃ ደወሉ እሱ ሆነ። ፌርማታዎቹ ማዕድ ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ፣ የፒያ ቢሮ፣ ሳውና፣ የመጨረሻው ኢናሪ። መነሻ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ሌላው አሥር ተኩል። ሂልያ ክዳኑን በአውራ ጣቷ ስትጫን አይላ ዞር ሳትል «ወራጅ አለ» ትልና ወለሉን በእግሯ ረግጣ ትቆማለች።

አንድ ሐሙስ ሂልያ ሲያስመልሳት ቆይታ አምስት ደቂቃ ዘግይታ ወጣች። አይላ ባዶ ወንበሮቹ ፊት ተቀምጣ የሌለ መሪ ይዛ እየነዳች ነው። ልጅቷ ተነፋረቀች። ማሪት ከክፍሏ ብቅ አለች፤ ፊቷ በአንዴ ተለዋወጠ።

«ልጅቷ እኮ እያስመለሳት ነበር!»

«ቀጣዩ አሥር ተኩል ላይ ነው» አለች አይላ።

ሂልያ አሥር ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ የምታስመልስበትን ሳፋ ታቅፋ መጥታ ፌርማታው ላይ ቆመች። የወረቀት ትኬቷን አሳየች፤ ተሳፈረች። ማሪት ኋላ ላይ ለፒያ እንደነገረቻት፣ በዚያ ዓመት ልጄን መዘግየት እንደምትችል ሰው የቆጠራት አይላ ብቻ ናት። ይህን ለአይላ የነገራት የለም። ብትሰማም ምን ለማለት እንደሆነ አይገባትም ነበር።

ባለፈው ፀደይ ሕክምናው አለቀ፤ ሂልያ ዳነችና አገሯ ገባች። አይላ ክዳኑን ከግድግዳው አላነሳችውም። ወንበሮቹን ብቻ ወደ ቦታቸው መለሰች።

በጥቅምት አንድ ረቡዕ አይላ ሱፐርማርኬት ውስጥ እርጎ መደርደሪያው ፊት ቆማ የሚያበቃበትን ቀን ታመሳክራለች። ቀና ስትል በመተላለፊያው ጫፍ ሂልያ ቆማለች። ፀጉሯ ቡናማ ሆኖ ጆሮዋ ድረስ ወርዷል። አይላ ግን የለየቻት በአቋቋሟ ነው፤ አንድ እግሯን ወደ ውስጥ ቀልበስ ታደርጋለች። አጠገቧ አይላ የማታውቃት ሴትና በሂልያ ዕድሜ ያለች ሌላ ልጅ አሉ። ሂልያ አይላን አየቻት። ፊቷ በራ፣ እጇን ከፍ አደረገችና በአውራ ጣቷ አየሩን ተጫነች።

አይላ ወለሉን ልትረግጥ እግሯን አነሣች። ቀጥሎ ደንብ አራት መጣባት። ይሄ ሰላምታ ነው? ይች ሴት ማናት? ልጅቷስ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ብትሆንና ሂልያ ታማ እንደነበር ባታውቅስ? ሂልያ ደግማ ተጫነች፤ ቆይታ፣ ጠበቅ አድርጋ። አይላ ስትጠራጠር አለመንቀሳቀስ ነው ልማዷ። ፊቷን ወደ መደርደሪያው መልሳ የእርጎውን ቀን አነበበች፤ ስምንት ቀን ይቀረዋል። ዞር ስትል መተላለፊያው ባዶ ነው። የማትወደውን ዓይነት እርጎ ገዝታ ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ሰባት ሰዓት ላይ ለተራዋ ስትገባ ፒያ ቢሮዋ ጠራቻት።

«ማሪት ጠዋት ልትሰናበተን ብቅ ብላ ነበር። ለምርመራ መጥተው በቅርቡ ኦውሉ በገባችው የሂልያ አክስት ቤት አርፈዋል። ውጤቱ ጥሩ ነው።»

«ጥሩ።»

«ሂልያ ትናንት ማታ እናቷን ምን ብላ እንደጠየቀቻት ታውቂያለሽ? አይላ የምታውቀኝ ስታመም ብቻ ነው ወይ አለቻት።»

«ደንብ አራት ነው» አለች አይላ።

«ሁለቴ ተጭናልሻለች አይደል?»

«ደንቡ ሰላም ካሉን ነው የሚለው። መጫን አይልም።»

«አይላ፣ ደንቡን የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አስተካክለሽ መጻፍ ነበረብሽ» ብላት አይላ አንሶላዋን ይዛ ወጣች።

ሦስት ቁጥር ክፍል ውስጥ የትራስ ልብስ እያወለቀች ሳለ እጇ ቆመ። እየሮጡ የመጡትን ትታቸው ሄዳለች፤ አዎ፣ በመቶ የሚቆጠሩ። ነገር ግን ደወል የተጫነ ተሳፋሪ በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ጊዜ አላሳለፈችም። ሹፌሮች ዘንድ ከዚያ የከፋ ነውር የለም። ትናንት ግን አንዲት ተሳፋሪ ሁለቴ ተጫነች፤ እሷም ሰምታ አለፈች። አይላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አፈረች፤ እንዲህ አፍራ አታውቅም። ተነሥታ ቢሮው በር ላይ ቆመች።

«የአክስቷ ቤት የት ነው?»

«እንደማልነግርሽ ታውቂያለሽ። ደንብ ስድስት፤ አድራሻ አንሰጥም።» ፒያ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ወደ ሰሜን የሚሄደው አውቶቡስ ደግሞ በቀን አንዴ ነው» አለች፣ ለመስኮቱ እንደምትናገር። «ሰዓቱን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ስምንት ሰዓት ከሃያ ይነሣል። አይላ ክዳኑን በቢላ ፈልቅቃ ኪሷ ከተተች፤ አልጋውን እንደተፈታ ትታው ወጣች። ጎዳናው ላይ ስትደርስ አሥራ አምስት ቁጥር በሩን እየዘጋ ነው። ሮጠች፤ እጇን አወናጨፈች። ሹፌሩ በመስታወቱ አያት፤ ሰዓቱ ደርሷልና ሄደ። «ልክ ነው» አለች አይላ እያለከለከች፣ እስከ መናኸሪያው ያለውን ሦስት ኪሎ ሜትር በእግሯ ተያያዘችው። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው።

መናኸሪያው ስትደርስ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። ሂልያ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ልጅቷ ፊቷን መልሳ ከፊት ያለውን ወንበር ጀርባ፣ የሚነበብ ነገር ያለው ይመስል፣ አተኩራ ማየት ጀመረች። አይላ እዚያው ቆመች። ቀድመው ሰላም ካላሉን። የሹፌሩ እጅ በሩን ሊዘጋ ሲነሣ እግሯን ደረጃው ላይ አደረገች። ሹፌሩ ያርሞ ነበር፤ ሥራውን ያስተማረችው እሷ ናት።

«ያርሞ፣ ጠብቅ።»

«ማ? አንቺ ነሽ ጠብቅ የምትዪኝ?» ያርሞ ሳቀ። «በር ላይ የቆመ ሰው ተሳፋሪ አይደለም፣ እንቅፋት ነው ያልሽኝ ማን ነበር?»

«እኔ ነኝ። ጠብቅ።»

ወደ ውስጥ ዘለቀች። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አያት። ማሪት አንዴ አይላን፣ አንዴ ልጇን አየች።

«ሰላም፣ ሂልያ» አለች አይላ፣ የመጨረሻው ወንበር ድረስ በሚሰማ ድምፅ።

ሂልያ የወንበሩን ጀርባ ታያለች።

«ትናንት ሁለቴ ተጫንሽ። አለፍኩሽ።»

«አላወቅሽኝማ። ፀጉር ስላለኝ።»

«ገና ከሩቅ ነው ያወቅኩሽ። በአቋቋምሽ።»

«ታዲያ ለምን እርጎ ታያለሽ?»

«ፈራሁ። አብራሽ ያለችው ልጅ ታመሽ እንደነበር አታውቅ ይሆናል ብዬ ፈራሁ።»

ሂልያ አሁን ዞራ አየቻት። «ኤቪ ናት። የአክስቴ ልጅ። ሁሉንም ታውቃለች፤ አውቶቡሱንም ነግሬያታለሁ። አንቺን ላሳያት ነበር እኮ።»

አይላ እጇን ኪሷ ከትታ ቀዩን ክዳን አወጣችና በመዳፏ ዘረጋችላት። ልጅቷ አልተጫነችውም።

«ያ ጨዋታ ነው» አለች። «ሱፐርማርኬቱ የእውነት ነበር።»

«አዎ።»

«የእውነት ፌርማታ ያለፈ ሹፌር ምን ይደረጋል?»

«ተሳፋሪው ቅሬታ ይጽፋል። ሹፌሩ ይፈርምበታል።»

«እጽፋለሁ። አሁን መጻፍ እችላለሁ።»

«ጻፊ።»

ሂልያ ክዳኑን ከመዳፏ አንሥታ የካፖርቷ ኪስ ውስጥ ጨመረችው። «ለኤቪ ነው» አለች። ያርሞ ጡሩንባውን ነካ አደረገ፤ አይላ ወረደች። አውቶቡሱ ሦስት ደቂቃ ዘግይቶ ወጣ። ሂልያ እጇን አላውለበለበችም።

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ በማኅበሩ አድራሻ አንድ ፖስታ መጣ። ፒያ ሳትከፍተው ለአይላ ሰጠቻት። በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ ፊደሎቹ መስመራቸውን ስተው ወደ ላይ ይወጣሉ።

«ለአሥራ አምስት ቁጥር ሹፌር። ቅሬታ። ረቡዕ ዕለት ሁለቴ ተጫንኩ። አውቶቡሱ አልቆመም። አልታመምኩም ነበር። እኔው ነበርኩ።»

ከሥሩ በማስመሪያ የተሠመረ ባዶ መስመር አለ፤ የፊርማ ቦታ መሆኑ ነው። አይላ መነጽሯን አድርጋ ሁለቴ አነበበችው። የድሮ የሹፌርነት ቁጥሯን ጻፈች፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈች፣ ፈረመች። ከዚያ ምድር ቤት ወረደች፤ ማክሰኞ ከሰዓት ሳውናው እንደማይነድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም አልተከተላት።