ለነገ ያደረ ፀጉር

ፀጉር አስተካካዩ ሰው የሚለየው ከኋላው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ማጅራት ሲያይ የኖረ ሰው ምን ያድርግ! መንገድ ላይ ፊት ለፊት ሰላም ሲሉት ግራ ይገባዋል፤ አልፈውት ሲሄዱ ዞር ብሎ ያይና «ውይ፣ እሱ ኖሯል እኮ!» ይላል። ሱቁ ውስጥ ሁለት ወንበሮች አሉ። አንደኛው ክንዱ ተገንጥሎ በሽቦ ታስሯል፣ ሌላው ላይ ደግሞ ገበያ ሲጠፋ ራሱ ያንቀላፋበታል። ወሬ ይወዳል፣ ክፋት የለበትም። አንድ ክፉ አመል ብቻ ነበረበት፤ ሊመሽ ሲል የያዘውን ሥራ አይጨርስም።

ጓደኛው ልብስ ሰፊው የመጣው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። የቀኝ ጎኑ ተቆርጦ እንዳለቀ መብራት ሄደ፣ ቶንዶሱም ቀጥ አለ። መቀስ መሳቢያው ውስጥ አለ፣ ሻማ መስኮቱ ላይ አለ። ፀጉር አስተካካዩ ግን እራቱ ታወሰው።

«የት ትሄዳለህ? ነገ ጠዋት ና፣ እጨርስልሃለሁ» አለው።

ልብስ ሰፊው ሳቀ። «እኔም አንድ እግር ብቻ ያለው ሱሪ ሰፍቼ እሰጥሃለሁ» አለና ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ። በዚያው ሌሊት እንደተኛ ቀረ። ልቅሶው ላይ ሚስቱ «ፀጉሩን እንዲህ አድርጎ የሰደደው ማነው?» እያለች ስታለቅስ ፀጉር አስተካካዩ ከሰው ኋላ ቆሞ ሰማት፤ አፍ አውጥቶ «እኔ ነኝ» ማለት ግን አልቻለም። ሻማውን አውጥቶ ጣለው፣ ማየት ስላስጠላው። ከዚያ ወዲህ እጁ ይንቀጠቀጣል። የአንዱን ጆሮ ጫረ፣ የሌላውን ማጅራት ላጠ፤ ደንበኛው አንድ በአንድ ሸሸው። ሙያው ከእጁ እየወጣ መሆኑን ያውቃል።

ድሮ አራት ሆነው በየዓመቱ ተራራው ላይ ወዳለው ፍል ውሃ ይወጡ ነበር፤ እሱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሾፌሩና ፎቶ አንሺው። ውሃው መሃል ዝቅ ያለ ድንጋይ አለ። ተራ በተራ እዚያ ላይ ይቀመጡና እሱ በመቀስ ያስተካክላቸዋል። በመጨረሻ ልብስ ሰፊው መቀሱን ይቀበለውና፣ ኮት እንደሚለካ ሰው «ትከሻህን ጣል!» እያለ እሱን ይቆርጠዋል። ፀጉር አስተካካይ ለራሱ ጭንቅላት ሌላ ማን አለው? ዘንድሮ ሦስት ሆነው ወጡ።

ሾፌሩ መኪናውን መንገዱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ አቆመ። ይኼ ሰው መሪ ካልያዘ እግር ያለው አይመስለውም፣ በየመታጠፊያው ቁጭ ይላል። ፀጉር አስተካካዩ የሚሄደው ከሁሉ ኋላ ነበር። ከእሱም ኋላ ግን ጠጠር የሚረግጥ ኮቴ ይሰማዋል። ሦስቱ ሲቆሙ ኮቴው አንድ እርምጃ ጨምሮ ይቆማል። «የገደል ማሚቶ ነው» አለ ለራሱ። ሰውን ከኋላው የሚለየው ሰውዬ ዞሮ ኋላውን ማየት ፈራ።

ፍል ውሃው ዘንድ ሲደርሱ እንፋሎቱ የገዛ እጅን እንኳ አያሳይም። መጀመሪያ ፎቶ አንሺው ተቀመጠ። «ቀስ በል፣ ጆሮዬን ለማስታወሻ ልታስቀረው ነው?» እያለ ተቆርጦ ወጣ።

«ተረኛ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ውሃው ተንቦጫረቀና አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶት ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

«አንተ ሾፌር፣ ዛሬ ምን ዘጋህ?»

በቀኝ በኩል ቢነካው ፀጉሩ አጭር ነው። «ማነው የጀመረህ?» አለና ወደ ግራው ዞረ። መቀሱ ከጆሮው ጀርባ ሲደርስ እጁ ሳያዙት ጠመዝመዝ ብሎ አለፈ። ክው ያለው ይህን ጊዜ ነው። እጁ የዞረው ሽምብራ የምታህል እብጠት ስላለች ነበር፤ እዚያ ቦታ ላይ እንዲህ ያለች እብጠት ያለችበት የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ልብስ ሰፊውን።

ሰውነቱን ውርር አደረገው። ይሸሽ ነበር፤ ግን ጀምሮ የተወው ሥራ ከፊቱ ተቀምጧል። ቆረጠ። እስኪያልቅ ቆረጠ። እጁ አንዴም አልተንቀጠቀጠም።

«ይቅር በለኝ» አለ።

ሰውዬው ሳይዞር ተነስቶ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ሰጠው፤ እንደ ልማዱ ሄዶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። በመርፌ የሻከረ አውራ ጣት ትከሻውን ወደ ታች ተጫነው። ውሃው ያቃጥላል፣ ጣቱ ግን በረዶ ነበር። ከቀኝ በኩል መቁረጥ ተጀመረ።

«አንተ ሰውዬ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው? ዝናብ መጣ፣ ውጣ እንጂ!» ብሎ ሾፌሩ ከዳር ጮኸ።

ጣቱ ተነሳ። እንፋሎቱ ገለል ሲል ድንጋዩ ዙሪያ ማንም የለም፣ መቀሱም የለም። ፎቶ አንሺው አየውና በሳቅ ሞተ፦ «ራስህን ቆረጥከው? ግማሹን ለማን አስቀረኸው?»

ፀጉር አስተካካዩ ራሱን ዳበሰ። ቀኙ ተቆርጧል፣ ግራው እንዳለ ነው። እንዲህ ሆኖ ከሱቁ የወጣው ሰው ንጋት አላየም። ቁልቁለቱን እየተንሸራተተ ወረደው። ፎቶ አንሺውን ቤቱ አደረሱና ሾፌሩን ሱቁ ይዞት ገባ፣ ቶንዶሱን እጁ ላይ አስቀመጠለት።

«እኔ የማውቀው መሪ ነው!»

«ዝም ብለህ ግፋው፣ ወንድሜ። አሁኑኑ።»

ቶንዶሱ አንገቱ ላይ ጢዝ ማለት ሲጀምር መብራት ሄደ።

«በቃ» አለ ሾፌሩ እያዛጋ። «የት ትሄዳለህ? ነገ ጠዋት እጨርስልሃለሁ።»

ፀጉር አስተካካዩ ክንዱን አፈፍ አድርጎ ያዘው። «በልጆችህ ይዤሃለሁ፣ ሻማ ፈልግልኝ! ለነገ አታሳድረኝ!» ሾፌሩ ደንግጦ ሮጦ ወጣ።

ጨለማው ውስጥ ብቻውን ቀረ። ከወንበሩ ጀርባ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ሰማ። ከዚያ መቀስ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ከግራ ጆሮው ጀርባ። ዓይኑን ጨፈነና፣ ሳይነግሩት ትከሻውን ጣለ።

ሾፌሩ ሻማ ለኩሶ ሲመለስ ፀጉር አስተካካዩ መስታወቱን እያየ እንባው ይወርዳል። ፀጉሩ ግራና ቀኙ እኩል ተስተካክሏል፣ ትንሽ እንደ ጨርቅ ጠርዝ ቀጥ ቢልም። ፍል ውሃው ላይ የጠፋው መቀስ መሳቢያው ላይ ሆኖ ውሃ ያንጠባጥባል።

«ማን ጨረሰልህ?» አለ ሾፌሩ፣ ሻማውን ወደ ራሱ ፀጉር አስጠግቶ እያየ።

«እኔ ለነገ አሳደርኩት» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «እሱ ግን አላሳደረኝም።»