የያለምወርቅ እግርና የአቶ ጣሰው ወንበር

በቀበሌያችን የሸማቾች ሱቅ ውስጥ አንዲት ወንበር ብቻ ነበረች። አቶ ጣሰው ይቀመጡባታል፣ ሚስታቸው ያለምወርቅ ትቆማለች። የእነዚህን ባልና ሚስት ትዳር በአጭሩ ንገሪኝ ለሚለኝ ሰው ከዚህ የበለጠ የምጨምርለት አልነበረኝም። ነገሩ ግን በአጭሩ አልቀረም፤ የያለምወርቅ እግር ፈነዳ።

ሱቁ እዚሁ ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር፣ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ነው። ጊዜው ሁሉ ነገር በሰልፍ የሚገኝበት ነው፤ ስኳር በሰልፍ፣ ሳሙና በሰልፍ፣ ጨው በሰልፍ። ያለምወርቅ ጠዋት ከሚዛኑ ጀርባ ትቆማለች፣ ሱቁ እስኪዘጋ ጉልበቷ አይታጠፍም። አቶ ጣሰው የቁጥጥር ኮሚቴው ሊቀመንበር ናቸው። ሊቀመንበር ስላሏቸው መንበሩን የግላቸው አድርገውት ቀሩ። ሥራቸው መቆጣጠር ነው፤ የሚቆጣጠሩትም ሚስታቸውን ነው። እግራቸውን አነባብረው፣ "ጓዲት፣ ሚዛኑ ይስተካከል!" ይላሉ። ቤት ሲገቡ ጓዲትነቷ ይቀርና "ውኃ አምጪ" ይተካል።

እኔ እትዬ እላታለሁ፣ ግን አንቱ አልላትም። ራሷ ነች የከለከለችኝ። "ልያ፣ አንቱታውን ለአቶ ጣሰው ተይላቸው፤ እሳቸው ካላገኙት ያማቸዋል" አለችኝ እየሳቀች። እሷም አንድ ቀን አጉድላባቸው አታውቅም። ልጆች ወልዳ፣ አሳድጋ፣ ድራ፣ ዛሬም "ይነሱ፣ ይታጠቡ፣ ይብሉ" እንዳለች ነው። አንተ ስትላቸው የሰማ የለም።

እግሯን ያየሁት ልጄን ሆሴዕን በወለድኩ ጊዜ ልታርሰኝ መጥታ ካልሲዋን ስታወልቅ ነው። ከጉልበቷ በታች የደም ሥሮቿ እንደ ጭነት ገመድ ተጠማዘው ወጥተዋል፤ አንዳንድ ቦታ ቋጠሮ ሠርተዋል። ቁርጭምጭሚቷ አጠገብ ቆዳው ጠቁሮ ቁስል ይዟል። ደረቀ ሲባል ተመልሶ የሚከፈት ቁስል ነው። ማታ ማታ እግሯ ይከብዳታል፣ ባቷን ይሸመቅቃታል። ይህን ሁሉ በወንድ ካልሲ ሸፍና ስኳር ትመዝናለች።

መቼም በሰው እግር ላይ መድኃኒት የማያዝ የለም። አንዱ ዋግምት ይላል፣ አንዷ ምች ነው ትላለች፣ ሌላዋ የረገጠችው ነገር አለ ብላ አፏን በነጠላ ትሸፍናለች። አቶ ጣሰውም ከወንበራቸው ሳይነሱ ያዙላት ነበር።

"ስለምትቆሚ ነው" ይሏታል። "ትንሽ አረፍ በይ።"

ምን ላይ እንደምታርፍ ግን አልነገሯትም።

የስኳር ቀን ነበር። ሰልፉ ከሱቁ ደጅ እስከ መስጊዱ ጥግ ተጠማዟል። እኔ ሆሴዕን አዝዬ ሚዛኑ ጋ ደርሼ ነበር፤ ከኋላዬ ጎረቤታችን መሪማ አለች። ያለምወርቅ ጆንያ ስትጎትት ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ተንከባለለና ጠርዙ እግሯን ጫር አደረጋት። ጭረት ነች፤ ሌላ ሰው ቢሆን በምራቅ ጠርጎ ይተዋት ነበር። ከእሷ እግር ግን ደሙ እንደተቀደደ የውኃ ጎማ ፊን አለ። ግድግዳው ላይ ደረሰ።

አቶ ጣሰው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። በሕይወቴ እንዲህ ፈጥነው ሲነሱ አይቼ አላውቅም።

"ስኳሩን!" ብለው ጮኹ። "ጓዶች፣ ስኳሩን አንሱ! ደም እንዳይነካው!"

የዚያን ዕለት ሰልፍ ላይ የነበረ ሁሉ ይመስክር፤ ሚስታቸው ደም ስታፈስ ከአፋቸው የወጣው የመጀመሪያው ቃል ይኸው ነው።

ሆሴዕን ለመሪማ ወረወርኩላትና ዘልዬ ገባሁ። ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ በቀይ መስቀል ክበብ የተማርነው አልጠፋኝም፤ ወለሉ ላይ አስተኛኋት፣ እግሯን የጨው ጆንያ ላይ ሰቀልኩት፣ ማዘያዬን አጣጥፌ ቁስሉ ላይ ተጫንኩ። ሰው ሁሉ "ከላይ እሰሪው፣ ጭኗን እሰሪው" ይላል። አላሰርኩም፣ እጄን ብቻ አላነሳሁም። ደሙ ቆመ። ጋሪ ተጠራና ሆስፒታል ወሰድናት። አቶ ጣሰው አልመጡም። ስኳሩን ማን ይጠብቅ?

ዶክተር ከፈለ ገና ወጣት ነው፤ ሲያናግሩት ዓይን ዓይን የሚያይ ሐኪም ነው። ያለምወርቅን አስተኝቶ እግሯን ወደ ላይ ሲያነሳው ያበጡት ሥሮች ባዶ ሆኑ። ጭኗን በጎማ አሰረና አቆማት። ጎማውን ሲፈታው ከላይ ወደ ታች ግጥም ብለው ሲሞሉ በዓይኔ አየሁ።

"ደም ከእግር ወደ ልብ ሲወጣ ተመልሶ እንዳይወርድ የሚዘጉ ትንንሽ በሮች አሉ" አለን። "የእርስዎ በሮች ሥራ አቁመዋል። ደሙ እየወረደ ይጠራቀማል፤ ሥሩን የሚያሳብጠውም፣ ቁስሉንም የሚያመጣው እሱ ነው።"

"ምን ይሻላል ታዲያ?" አልኩት።

"በላስቲክ ፋሻ ማሰር፣ እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት፣ መቆም መተው አለ። ያስታግሳል፣ በሮቹን ግን አይጠግንም። ትንንሽ ሥር ቢሆን በመርፌ መድኃኒት ወግተን እናደርቀው ነበር፤ ይሄ ትልቁ ነው፣ በመርፌ ብቻ አይመለስም። ለእርስዎ የሚሻለው ኦፕራሲዮን ነው።"

"እንዴት አድርጋችሁ?" አለች ያለምወርቅ። ድምፅዋ ቀጥኗል።

"ወገብዎን አደንዝዘን ብሽሽትዎ ላይ ትንሽ እንቀድዳለን፤ የተበላሸው ሥር ከውስጠኛው ሥር ጋር የሚገናኝበትን ቋጥረን እንቆርጠዋለን። ከዚያ ቀጭን ሽቦ በሥሩ ውስጥ አሳልፈን ሥሩን ስበን እናወጣዋለን። ቋጠሮዎቹን ደግሞ በትንንሽ ቀዳዳ አንድ በአንድ እንለቅማቸዋለን።"

"እንደ ቡና" አለች፤ ልትስቅ ፈልጋ አልሆነላትም።

"ሥሩ ሲወጣ ደሙ በየት ይሄዳል?" ብዬ ጠየቅሁ።

"በውስጠኛው። ድሮም አብዛኛውን የሚሸከመው እሱ ነው። ደህና መሆኑንም አይተናል።"

"ተመልሶ አይመጣም?"

"ከጊዜ በኋላ ሌላ ሥር ሊያብጥ ይችላል፤ አልዋሽሽም። ቁስሉ ግን የመዳን ዕድል ያገኛል፣ እንዲህ መድማቱም ይቀራል።" ወደ እሷ ዞረ። "ዛሬ ሰው አጠገብዎ ነበረ። ብቻዎን ሆነው፣ ተኝተው ቢፈነዳስ?"

ስንወጣ ነርሷ፣ "ባለቤትዎን ይዘው ይምጡ፣ ይፈርማሉ" አለቻት። እዚህ ላይ ነው ነገር የተበላሸው።

አቶ ጣሰው ጎረቤቱን ሰበሰቡ። እሳቸው ያለ ስብሰባ ማስነጠስም አይችሉም።

"ጓዶች" አሉ፣ "እኔ የቡና አገር የየቡ ልጅ ነኝ። ቡና አውቃለሁ፣ ሥር አውቃለሁ። ሥሩ የተነቀለ ቡና ይደርቃል፤ ይህ ሳይንስ ነው! ይሄ ሐኪም የባለቤቴን የደም ሥር በሽቦ ልንቀል ይላል። የደም ሥር ደግሞ የተያያዘ ነው፤ ከእግር ሲስቡት ልብ ድረስ ይመዘዛል!"

ሰዉ በድንጋጤ ከንፈሩን መጠጠ። አንዱ ጭራሽ አሰንዳቦ ከተማ ሥሩን ተነቅሎ ምላሱ የጠፋ ሰው አውቃለሁ አለ። የዚያን ሰው ስም ስጠይቀው ግን አላስታውስም አለኝ። የጠፋው የእሱ ምላስ በሆነ!

መሪማ ሆሴዕን ጉልበቷ ላይ ይዛ ስትሰማ ቆየችና፣ "ማሎ፣ እባክዎ አቶ ጣሰው!" አለች። "እኔም የየቡ ልጅ ነኝ። እርስዎ ቡናን በጆንያ እንጂ በዛፉ ላይ አይተውት ያውቃሉ? ከግንዱ ግርጌ የሚበቅለውን ከንቱ ቅርንጫፍ እየነቀልን እንጥላለን። ካልጣልነው ጉልበቱን በልቶ ፍሬ ያስቀራል፣ ወላሂ። መቼ ደረቀ?"

"እሱ ቅርንጫፍ ነው! ይሄ ሥር ነው!"

"ሐኪሙ የደም ቅርንጫፍ ቢለው ኖሮ ይፈርሙ ነበር ማለት ነው?"

ሰው ሳቀ። አቶ ጣሰው ፊታቸው ቀላና እውነቱ አመለጣቸው። "ደግሞስ እሷ ስትተኛ ሚዛኑን ማን ይይዛል? ምሳዬንስ?"

ይኸው ነው። ልብ ድረስ የሚመዘዘው ሥር ጉዳይ ሆድ ላይ መጥቶ ቆመ።

በማግስቱ ያለምወርቅ እኛ ቤት መጣች። እግሯን አልጋው ላይ አወጣች። ያ ሳቂታ ፊቷ ጠፍቷል።

"ልያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትስቂብኝ። በውነት ልቤ ድረስ ቢመዘዝስ?"

"እሳቸውን ታምኛለሽ እንዴ?"

"አላምናቸውም። ግን ይሄን ሁሉ ዘመን ሲናገሩ ሰምቼ፣ ጆሮዬ ለምዶታል መሰለኝ።"

"ሐኪሙን ራስሽ ጠይቂዋ!"

"ብጠይቀውስ? አቶ ጣሰው አይፈርሙም።" ፋሻዋን ነካ ነካ አደረገች። "ትናንት ሌሊት አልተኛሁም። አንሶላው በረጠበ ቁጥር ደም እየመሰለኝ ስዳስስ ነው ያደርኩት፤ ላቤ ነው። እንዲህ ሆኖ እንዴት ይኖራል?"

የያለምወርቅን እንባ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ሰው ሲያለቅስ አብሮ ማልቀስ አልሆነልኝም፤ ጫማዬን አደረግሁ። ሆሴዕን አዘልኩና ይዣት ሆስፒታል ሄድኩ።

ዶክተር ከፈለ ጥያቄዋን ሲሰማ አልሳቀባትም። ጣቱን ከቁርጭምጭሚቷ አንስቶ እስከ ብሽሽቷ ወሰደና እዚያ ላይ አቆመ። "እዚህ ላይ ቋጥረን ነው የምንቆርጠው። ከዚህ በላይ የሚሳብ ነገር የለም።" እሷም ቦታውን በራሷ ጣት ነካችው።

"ፈራሚውስ?" አለች ነርሷ።

"ባለቤቷ እንቢ ብለዋል" አልኩ።

ሐኪሙ ቀና አለ። "እግሩ የማን ነው? አዋቂ ሰው ናቸው፣ አእምሯቸው ጤነኛ ነው፤ ራሳቸው ይፈርሙ። መጻፍ ይችላሉ?"

እኔና ያለምወርቅ ተያየን። አቶ ጣሰው በመሠረተ ትምህርት ኮሚቴም ውስጥ ነበሩ። በየስብሰባው ደረታቸውን ነፍተው፣ "በኛ ቀበሌ በጣቷ የምትፈርም ሴት የለችም! ማስረጃው የገዛ ባለቤቴ ናት!" ሲሉ ያልሰማ ጆሮ የለም።

"ማስረጃው እኔ ነኝ" አለች ያለምወርቅ። ስሟን ከአባቷ ስም ጋር በትልልቁ ጻፈች። "ምወ" ላይ ስትደርስ ብዕሩን ጠበቅ አድርጋ ያዘችና ጨረሰችው።

ለካ የባል ፊርማ ሁላችንም ያስፈልጋል እያልን ሰውየውን ያሸከምነው ሥልጣን ነበር። እሳቸውም ስንሰጣቸው ዝም ብለው ተቀመጡበት።

ኦፕራሲዮኑ ተሠራላት። እኔ ማልጄ እየሄድኩ ገንፎ አበላት ነበር። እግሯ ከላይ እስከ ታች በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ጭኗ በልዟል፣ ያማታል፤ ግን በነጋታው "ተነሺ፣ ተራመጂ" አሏት፤ ትከሻዬን ይዛ መተላለፊያውን ሄደችው። ልቧም በቦታው ነበር።

አቶ ጣሰው ዘግየት ብለው መጡ። ባዶ እጃቸውን ናቸው። አልጋው አጠገብ ቆመው አንገታቸውን አሰገጉና ነርሷን፣ "የተነቀለው ሥር የት አለ? ልየው" አሉ።

"ጥለነዋል አባቴ" አለች ነርሷ። "እንዲህ እንደሚፈልጉት ብናውቅ እናስቀምጥልዎ ነበር፤ የቡ ወስደው ይተክሉት።"

ከጎን አልጋ የተኛችው ሴትዮ ስፌቷን በእጇ ደግፋ ሳቀች። አቶ ጣሰው በዚያው ወጡ።

ስትወጣ ዶክተር ከፈለ ትእዛዝ ሰጣት። መራመድ ይፈቀዳል። አንድ ቦታ ተገትሮ መቆም አይፈቀድም። ስትቀመጥ እግሯ ከፍ ይበል፣ ፋሻው አይፈታ። ቁስሉ ቀስ በቀስ ጠበበ፤ ከጫፉ ሮዝ ቆዳ እየያዘ ሲመጣ ፋሻው በተቀየረ ቁጥር ታሳየኝ ነበር፣ ልጅ ጥርስ ሲያበቅል እንደሚታየው።

ወደ ሱቅ የተመለሰችው በሳሙና ቀን ነው። ሰልፉ ረጅም ነው። እኔ፣ መሪማ፣ አሰንዳቦ ምላሱ የጠፋ ሰው አለ ያለው ሰውዬ ሳይቀር አለን። አቶ ጣሰው ወንበራቸው ላይ ናቸው። "እነሆ ጓዶች!" አሉ፤ "ባለቤቴን አሳክሜ መለስኳት!"

ያለምወርቅ ሚዛኑን አልፋ ወንበሩ ፊት ሄደች።

"ተነስ" አለች።

አቶ ጣሰው ለማን እንደተባለ ለማየት ወደ ኋላቸው ዞሩ። ከኋላቸው ግድግዳ ነው። ያ ደም የነካው ግድግዳ፣ በኖራ ተሸፍኗል።

"አንተን ነው" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ሐኪም ነው ያዘዘው። ወንበሩን ልቀቅ፣ ሚዛኑን ያዝ።"

ሊቀመንበሩ ተነሱ። ያለምወርቅ ተቀመጠችና እግሯን የጨው ጆንያው ላይ አወጣች፣ ቀሚሷን አስተካከለች፣ "ቀጣይ!" አለች።

አቶ ጣሰው ሳሙና ሲሰጡ ወደቀባቸው፣ ጨው ሲመዝኑ ፈሰሰባቸው። "ሊቀመንበር፣ ሚዛኑ ይስተካከል!" አለች መሪማ ከሰልፉ ውስጥ፣ ማንም እንድትቆጣጠር አልሾማትም። ሰልፉ ገና ሳይጋመስ በአንድ እግራቸው ቆመው ሌላውን ማሻሸት ጀመሩ።

"ኧረ እግሬ" አሉ ቀስ ብለው። "እግሬን ምን ነካው?"

ያለምወርቅ ከወንበሩ ሳትነሳ አየቻቸው።

"ስለምትቆም ነው" አለቻቸው። "ትንሽ አረፍ በል።"