በበርሜል ላይ የቆመ ቤት

መርሳ ላይ የዓሪፍን በር የማያውቅ የለም። መስኮቱ፣ የውሃ ታንከር ማቆሚያው፣ የጋሪው አካል ሁሉ የሱ እጅ ነው። ሦስቴ ለክቶ አንዴ የሚቆርጥ በያጅ ነው ይሉታል። ታዲያ ሐጂ አብዱልጀሊል ሐይቅ ከተማ አጠገብ ላለቻቸው የእንግዳ ማረፊያ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቤት ያዘዙት ጊዜ፣ የመርሳ ሰው ቀልድ አገኘ። «የዓሪፍ ጀልባ ቢሰምጥም ቁልፉ አይከዳም» ተባለ።

ዓሪፍ ቀልዱን ውጦ ሥራውን ጨረሰ። ከታች የታሸጉ ባዶ በርሜሎች፣ ከላይ የቱቦላሬ ብረት፣ የሳንቃ ወለል፣ ሁለት ጠባብ ክፍል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ። ውሃው ላይ ሲወርድ ውሃ ልክ አስቀምጦ አየው፤ ቅንጣት አላጋደለም። ሐጂም ዞር ዞር ብለው አዩና፣ ዓረፋን ከጓደኞቹ ጋር እንዲያድርበት ፈቀዱለት። እሑድ ለቀትሩ የዙሁር ሶላት እመጣለሁ፣ ደህና ቤት ሆኖ ካገኘሁት ሁለተኛውንም ትሠራለህ፣ ካልሆነ ግን ወደ በርህ ተመለስ አሉት። አደራ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለሰጋጅ እንግዳ ቂብላው፣ የስግደቱ አቅጣጫ፣ በግልጽ ይታወቅ።

ለዚህማ ዓሪፍ ቀድሞ መላ አበጅቷል። ወለሉ ላይ ክንድ የሚያህል የብረት ቀስት በይዶ አረንጓዴ ቀብቶታል። ጫፉ ወደ ሰሜን፣ ወደ መርሳና ወልድያ ያመለክታል፤ ቂብላው በዚያ ነውና።

በዚያ ዓመት ዓረፋ ዓርብ፣ ጰራቅሊጦስ እሑድ ዋለ። ዓርብ ከሰዓት ሦስት ጓደኛሞች ተሳፈሩ፦ ዓሪፍ፣ ከግራና ከተማ ማንጎ እየጫነ የሚነግደው አሚርና የወልድያው ባጃጅ ነጂ ደጀን። ሁለት ድስት፣ ሁለት የከሰል ማንደጃ ተጫነ። የዓረፋው በግ ሥጋ የዓሪፍ ሚስት ቶይባ የሠራችው ነው። የደጀን ዶሮ ወጥ ደግሞ ከእናቱ ከወይዘሮ አለሚቱ ቤት በነጠላ ታስሮ መጣ። አሚር ውሃ ስለሚፈራ ሁለት ባዶ ጀሪካን ወገቡ ላይ አስሮ ነው የገባው። ደጀን ውሃ ልትቀዳ ነው እንዴ እያለ ሲያበሽቀው አመሸ። ማታ ካርታ ተጫወቱ፣ አንቺ ሆዬን እያዜሙ የሐይቁን ወፎች አስደነገጡ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ዓሪፍና አሚር በቀስቱ አቅጣጫ ቆመው ሱብሂ ሰገዱና ተመልሰው ተኙ። ደጀን ግን ነቅቶ ቀረ። ፀሐይ ስትወጣ አንዴ እሷን፣ አንዴ ቀስቱን አየና ዓሪፍን በእግሩ ገፋ አደረገው።

«ዓሪፍ፣ ዛሬ ፀሐይ በግራ ወጣች ወይስ ሱብሂን ወደ ደሴ ነው የሰገዳችሁት?»

ዓሪፍ ብድግ ብሎ አየ። ቤቱ የታሰረው በአንድ መልሕቅ ነው። ሌሊት ነፋሱ ሲዞር ቤቱም እንደታሰረ ጥጃ አብሮ ዞሯል። በር አይዞርም፣ ግድግዳ አይዞርም፤ ዕድሜውን ሙሉ የቆመ ነገር ሲበይድ የኖረ ሰው ይህን ከየት ያስበው። ቀስቱን ላንሳው ቢል፣ የዓሪፍ ብየዳ በመዶሻ አይነቀልም፤ መቁረጫው ደግሞ መርሳ ነው ያለው። ደጀን ሆዱን ይዞ ሳቀ። ወልድያ መናኸሪያ እስኪደርስ ወሬው አፉ ውስጥ እንደማይቆይለትም በግልጽ ነገራቸው።

ዓሪፍና አሚር ሱብሂያቸውን እንደገና ሰገዱ። ከዚያ ዓሪፍ በታንኳ ወደ ዳር ወጥቶ፣ ከመንገድ ዳር ጋራዥ የተጣለ የመኪና ፍሬን ታምቡር ለምኖ አመጣ። ከባድ ነው፣ መልሕቅ ይሆናል። ቤቱን ወደ ሰሜን አዙረው ታምቡሩን በስተኋላ ጣሉ። ገመዱን አሚር ልሰር አለ፤ በዓመት ስንት ጭነት ማንጎ የማስር ሰው ነኝ ብሎ። እስከ ማታ ቤቱ ንቅንቅ አላለም።

እሑድ ሐጂ በታንኳ መጡ። በሩን ከፍተው ዘጉ፣ ጣሪያውን በከዘራ መቱ፣ አንዱን ሳንቃ ረግጠው ሞከሩ። ዙሁር ደረሰ። ቀስቱን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና መስገጃቸውን ዘረጉ። ዓሪፍና አሚር ከኋላቸው ቆሙ። ደጀን የበዓሉን ዶሮ ይዞ ጠርዙ ላይ ተቀመጠ።

ሐጂ «አላሁ አክበር» ብለው ገና እጃቸውን እንዳጣመሩ ነፋሱ ተነሳ። የኋላው ገመድ ተሳበ፣ ቋጠሮው ላላ፣ ከዚያ ገመዱ ቀስ ብሎ ውሃ ውስጥ ገባ። አሚር የቋጠረው እንደ ልማዱ ነበር፤ ጭነት አውራጅ በአንድ ጉተታ የሚፈታው ቋጠሮ።

ዓሪፍ ዳር ያለው ዋርካ ወደ ጎን ሲንሸራተት በዓይኑ ጥግ አየ። ሶላት ላይ አይናገርም፣ አይራመድም። ሁለተኛው ቤት በደጀን እጅ ወደቀ፤ ደጀን ደግሞ እንዲህ ዓይነት ጨዋታ ከሰማይ ሲወርድለት የማያነሳ ሰው አይደለም። ቤቱ ጥቂት እስኪዞር ድረስ ተቀምጦ ፈገግ ማለቱን ዓሪፍ እስከ ዛሬ ይምላል። ከዚያ ግን ተነሳ። ሁለት እጅ ስላስፈለገው የዶሮዋን ታፋ በጥርሱ ነከሰ፣ ታንኳ መግፊያውን ረጅም የቀርከሃ ዘንግ አንስቶ ጭቃው ውስጥ ተከለና ቤቱን እየገፋ ወደ ሰሜን መለሰው። ነፋሱ ይገፋል፣ ደጀን ይገፋል። ወጡ በአገጩ ወርዶ ነጭ ሸሚዙ ላይ ይንጠባጠባል። ሐጂ ደግሞ በግንባራቸው ተደፍተው ሱጁዳቸውን ማርዘም ይወዳሉ።

በመጨረሻ ሐጂ ለሶላቱ መዝጊያ ሰላምታ ፊታቸውን ወደ ቀኝ አዞሩ፤ ደጀንን ታፋውን እንደነከሰ፣ ዓይኑ ፈጦ አዩት። ወደ ግራም አዙረው ጨረሱ። ከዚያ ቀስቱን በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«አንተ ዓሪፍ፣ የሚዞር ቤት ላይ ቀስት ትበይዳለህ?»

ዓሪፍ አንገቱን ደፋ። ሐጂ ወደ ደጀን ዞሩ። «አንተስ ማን ትባላለህ?»

ደጀን አፉ ስለተያዘ አሚር መለሰለት፤ ደጀን ይባላል፣ የወልድያ ልጅ፣ ክርስቲያን ነው አላቸው።

«ቂብላውን የጠበቀው እሱ ነዋ» አሉ ሐጂ፣ ጺማቸውን እያሻሹ። ከዚያ ወደ ዓሪፍ ተመለሱ። «ቤቱ ደህና ቤት ነው። ሁለተኛውን ሥራ። ቀስቱ ይቅር፣ መልሕቁ አራት ይሁን። ገመዱን ደግሞ ለዚህ ለማንጎ ነጋዴ አታስነካ።»

የዓሪፍ ፊት በራ። ደጀን ታፋውን በትከሻው ደግፎ እንደምንም ከአፉ አወጣና፣ ዘንጉን እንደያዘ፣ «ሐጂ፣ እንግዲህ ልልቀቀው?» አለ።

ሐጂ ተነሥተው መስገጃቸውን አስተካከሉ።

«ቆይ እንጂ ልጄ» አሉት። «የሱና ሶላቱ ይቀረኛል።»